ማሞቂያውን የሚጠብቀው ሳጥን

አሳንሰር ጠጋኙን ባልደረቦቹ «ጭንቄ» ይሉታል። ስሙም አልበዛበትም፤ በሩን ቆልፎ ደረጃውን ከወረደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቅ ሰው ነው።

ዘንድሮ ጭንቀቱ ሁሉ እናቱ ክፍል ውስጥ ገባ። ደረቷ ብርድ አይችልም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ደግሞ አሮጌ ነው፤ አንዴ ከበራ በቃኝ አያውቅም። ቢጠፋ ብርዱ፣ ቢበራ እሳቱ። እሷ ወንበሯ ላይ ሸለብ ቢያደርጋትና መጋረጃው ቢነካውስ?

ስለዚህ በየእሑዱ እየተቀመጠ አንድ ሳጥን ሠራ። ውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚቆርጥ ሪሌ አለ። ከሳጥኑ በሽቦ የወጣች የባቄላ ፍሬ የምታህል ሴንሰር ደግሞ ሙቀት ትለካለች። ክፍሉ ከሃያ ዲግሪ ሲወርድ ማሞቂያው ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ቁጥሩም ስልኩ ላይ ይመጣለታል፤ ካስፈለገም ሥራ ቦታው ሆኖ ያጠፋዋል።

«ቁጥሩ ከወረደ በረደሽ ማለት ነው» አላት ሴንሰሯን ግድግዳው ላይ እየለጠፈ።

«እንግዲህ ቀኑን ሙሉ እሱን ስታይ ልትውል ነዋ!»

እውነትም ዋለ። አለቃው «ሰውዬ፣ ፍቅር ያዘህ እንዴ?» እስኪለው ድረስ ስልኩ ላይ አፈጠጠ።

አንድ ቀን ጠዋት ብርዱ በረታና ቁጥሩ አሥራ ስምንት ላይ ቆመ። ደወለላት። «እማዬ፣ ምነው ወረደ? መስኮት ከፍተሻል እንዴ? እኔ እኮ እዚህ ሥራ መሥራት አልቻልኩም!» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ደወለ። ከዚያ ኔትወርክ የሌለበት የአሳንሰሩ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ሲወጣ ቁጥሩ ሠላሳ ሁለት ብሏል። ክው አለ። «አጥፋ» የሚለውን ተጫነ፤ ቁጥሩ ወይ ፍንክች! ሪሌው ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው፤ ከተጣበቀ ደግሞ ስልኩ ቢያዘው አይሰማም፣ ማሞቂያው እንደነደደ ይቀጥላል። እናቱ ጋ ደወለ፤ አታነሣም። መፍቻውን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። መንገዱን ሁሉ መጋረጃው ሲቀጣጠል ይታየዋል።

በሩን ሲከፍት የተቀበለው ብርድ ነበር። ማሞቂያው ጠፍቷል። እናቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች፤ ከግድግዳው የተነቀለው ሽቦ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብቷል።

«እማዬ! ስልኩን ለምን አታነሺም?»

«ወጥ ቤት ነው ያለው። ሽቦው እዚያ አይደርስም፤ ብለቀው ደግሞ ይወርዳል።»

«ምኑ?»

«ቁጥሩ ነዋ! ጠዋት ድምፅህን ስሰማ አንጀቴን በላኸው። አንተ እንዳትጨነቅ ብዬ ይኸው ጨብጬ ይዤዋለሁ።»

ሳጥኑ መዳፏን ክፍሉ መስሎት ማሞቂያውን አጥፍቶታል። እሱም ከሩቅ ሆኖ ጭራሽ እንዳይበራ ዘግቶታል። አጠገቧ ተንበረከከ። አንዱን እጇን ቢይዘው በረዶ ነው። የሌላውን ጣቶች አንድ በአንድ መፈልቀቅ ጀመረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለችው ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «አሁን ስንት ደረሰ?»