ጌታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? በቁሓ ሁለት ድንኳኖች መካከል

ዓርብ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ቁሓ

የተነሣሁት ለአማቼ ተዝካር ነው። የታናሽ እህቴ የአልማዝ ባል፣ አቶ ገብረመድኅን፣ የሞተው መቀሌ መንገዱም ስልኩም ባንኩም ተዘግቶባት በነበረ ጊዜ ነው። አልማዝ ሰባት ሰው ይዛ ቀበረችው። ሰው የሚበላው ባጣበት ወቅት ተዝካር ማን ያስባል? ዘንድሮ እንደ ምንም አጠራቅማ ልታወጣለት ሆነና ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቤቱ ወንድ የለውም። መጥተህ እንግዳ ተቀበልልኝ» አለችኝ። ለእንዲህ ያለ ነገር ከእኔ የተሻለ ሰው እንደማታገኝ ታውቃለች።

ለማያውቀኝ አንባቢ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በጎረቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ዛሬ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ውስጥ የእኔን ያህል ወረፋ ያለው የለም። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ዘጠኝ ጊዜ ዘልቄዋለሁ፣ ያውም ያለ አስተማሪ። ከዚያ ሁሉ ንባብ ለራሴ አንድ መመሪያ አወጣሁ። ነገር ሲቸግረኝ ዐይኔን ጨፍኜ «ጌታ እዚህ ቦታ ቆሞ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» እላለሁ። ይታየኛል። የታየኝን አደርጋለሁ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ስመራ ተሳስቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው መመሪያዬ መቀሌ ላይ ምን እንደ ነካው እስካሁን ስላልገባኝ ነው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሚኒባስ ተነሣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሸኖ ላይ ሹፌሩ ወርዶ ለሚስቱ ቅቤ ሲመርጥ ሃያ ደቂቃ አስጠበቀን። ሦስቱን ሽታው አልጣመውም። ማንም አልተቆጣም፤ ቅቤ ሳይሸት የሚገዛ ሰው ምን ዐይነት ሰው ነው? አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ቀበቶዬን አስፈቱኝ፣ ጫማዬን አስወለቁኝ። በአውሮፕላን ስሄድ የመጀመሪያዬ ቢሆንም ማንም አላወቀብኝም። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ «አባባ፣ ፈሩ እንዴ?» አለኝ። አውሮፕላን እንዴት ነፋስ እንደሚቀዝፍ በሰፊው አስረዳሁት። የጆሮ ማዳመጫውን ሰካ።

የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት በቁሓ ያረፍነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ምድሩ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው፤ ቤቱም አጥሩም ከዚያው ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ ከተማው ከመሬት የበቀለ ይመስላል። ከአምባው ጫፍ ሲታይ መቀሌ ከታች ተዘርግታ፣ ሓወልቲ የሚሉት የሰማዕታት ሐውልት ከሩቅ ብቻውን ቆሞ ነበር። የታክሲ ሹፌሩ «ኣቦይ፣ ናበይ? ወዴት ልውሰድዎ?» አለኝ። ሦስት መቶ ብር ጠይቆኝ በሁለት መቶ ተስማማን። የምሄድበትን ቤት ስነግረው ሳቀ።

«የዘይነባ ጎረቤት ቤት? ትናንት ዘይነባን ከነበጓ የጫንኳት እኔ ነኝ። ለተዝካሩ ነው አለችኝ። በጉ ወንበሬን በልቶ ሊጨርስ ነበር።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የአልማዝ ግቢ

አልማዝ ከበር ላይ «ሓወይ! ጋሼ!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አርባ ዓመት እዚህ ኖራ ትግርኛው አማርኛዋ ውስጥ ገብቷል። ሕምባሻ ቆርሳ፣ ስዋ የሚሉትን ጠላ ቀድታ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ግቢውን ስመለከት ሁለት ድንኳን አየሁ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ።

ነገሩን አስረዳችኝ። ዘይነባ ከወሎ፣ ከባቲ፣ መጥታ ቁሓ በርበሬና ቅመም የምትነግድ ሙስሊም ናት። ሃያ ዓመት አጥር ተጋርተዋል፤ በሁለቱ ግቢ መካከል ትንሽ በር አለች። ዘይነባ ለተዝካሩ በግ ገዝታ ከነነፍሱ አመጣች፤ ክርስቲያኖች በራሳቸው ባርከው ያርዱት ዘንድ። አልማዝም በበኩሏ ለሙስሊም እንግዶች በግ ገዝታ ገመዱን ለዘይነባ ወንድም ለእንድሪስ ሰጠች። እነሱም በራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፣ በትንሹ ድንኳን ይበላሉ። ጭልፋው ለየብቻ፣ ትሪው ለየብቻ።

«ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆናችሁ አሁንም ድስት ትለያላችሁ?» አልኋት።

«ሃያ ዓመት ጎረቤት የሆንነው ስለምንለይ ነው» አለችኝ። «አንተ እንግዳ ተቀበል። ወጡን ለእኛ ተወው።»

መልሷ አልገባኝም። ያልገባኝን ነገር ደግሞ ስሕተት ነው ብዬ መውሰድ ልማዴ ነበር።

ቅዳሜ፣ የተዝካሩ ቀን

ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ተደርሶ ወደ ቤት ተመለስን። እኔ በር ላይ ቆሜ እንግዳ ተቀበልሁ። እንኳን ደህና መጣችሁን በትግርኛ «እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም» ማለቱን ከአልማዝ ተምሬ አንድም ጊዜ ሳልሳሳት ወደ መቶ ለሚሆን ሰው አልሁ። ካህናቱ በትልቁ ድንኳን ተቀመጡ። በትንሹ ደግሞ እንድሪስና ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ የወሎ ሰዎች ነበሩ፤ ግንበኞችና ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ ገብረመድኅንን በሕይወቱ የሚያውቁት።

በሁለቱ ድንኳኖች መካከል ቆምሁ። ዐይኔን ጨፈንሁ። ጌታ በጉድጓድ አጠገብ፣ ወገኖቹ ዕቃ ከማይጋሯት ሴት ውኃ ሲለምን ታየኝ። ከቀራጮች ጋር ማዕድ ሲቀርብ ታየኝ። ከዚያም እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ትንሹ ድንኳን ሲሄድ አየሁት። ግልጽ ነበር። ከዚያ በላይ ግልጽ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከትልቁ ድንኳን ወጥ የተጨመረበት ሳሕን አንሥቼ ወደ ትንሹ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ተሳሳቱ እንዴ?» አለ እንድሪስ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «የእናንተ በዚያ ነው።»

«አልተሳሳትሁም» ብዬ ተቀመጥሁ፤ ከትሪያቸውም ቆርሼ በላሁ። ጨዋዎች ናቸው፣ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ደስታ ቈጠርሁት። ስለዚህ ሥራውን ፍጹም ላድርገው ብዬ የያዝሁትን ሳሕን በትሪያቸው ላይ ገለበጥሁ፤ ከዚያው ጠቅልዬ ለእንድሪስ ጉርሻ ዘረጋሁ።

እጄ አየር ላይ ቆየ። ከወጡ አንድ ጠብታ በክርኔ በኩል ወረደ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ!» አለች። እንድሪስ ሁለት እጁን እንደ ጽዋ አድርጎ ከእጄ ሥር አቀረበ።

«ጋሼ፣ እጅዎን አላሳፍርም» አለ። «አፌን ግን አልከፍትም።»

ጉርሻውን በመዳፉ ተቀበለና እንደ ያዘው ቆመ። የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ዘይነባ ከምድጃው ጭልፋ እንደ ያዘች መጣች፤ ትሪውን አየች፣ ሁለቱ ወጥ የተቀላቀለበትን። አልጮኸችም። «ተነሡ» አለች፣ ዝግ ብላ። አንድ በአንድ ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ «ነፍስ ይማር» ብለው ሳይበሉ ወጡ። እሷም ድስቷን ይዛ በትንሿ በር ገባች። መቀርቀሪያው ከወዲያ በኩል ሲገባ ሰማሁት።

በትልቁ ድንኳን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ግማሹ «በልቷል እኮ» እያለ ይንሾካሾካል፤ ካህናቱም አጎንብሰዋል። አልማዝ ጓዳ ውስጥ ይዛኝ ገባች።

«ምን አደረግሁህ?» አለችኝ።

«ጌታ ቢሆን...»

«ተወው! ጌታን ተወው!» አለች። «በዚያ በረሃብ ጊዜ ዘይነባ አንድ ፍየል ነበራት። አርዳ ለልጆቿ ሠራች። እኔ ደጃፏ ላይ በረሃብ ስንገዳገድ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አልሜ፣ ይህን አትብዪ፣ ኋላ ይጸጽትሻል› ብላ የተረፈቻትን ሽሮ በአዲስ ሸክላ ሠርታ አመጣችልኝ። ሃይማኖቴን የጠበቀችልኝ እሷ ናት። አንተ በጥጋብ ቀን የሷን አፈረስክባት። ከእንግዲህ ያቺን በር ባትከፍት እኔ ለማን ነው የምኖረው?»

በጓሮ በር ሾልኬ ወጣሁ። ይህ በእኔ ላይ ደርሶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የአልማዝ የንስሐ አባት በግቢው ዳር ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ብቻዬን አገኙኝ። በዕድሜ የልጄ እኩያ ናቸው፤ ሆኖም «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ክርክሩን ጀመርሁ። ጌታ ራሱ ምሳሌ ሰጥቻችኋለሁ አላለም ወይ? ሐዋርያውስ ፍለጋውን እንድንከተል አልጻፈም ወይ? ታዲያ እሱ ምን እንደሚያደርግ ሳላስብ እንዴት እከተለዋለሁ?

«ይህስ እውነት ነው» አሉ። «ማሰቡን አልነቅፍም። ሓንቲ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅህ። ይህ የምታስበው ጌታ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ‹አይሆንም› ብሎህ ያውቃል?»

አሰብሁ። አንድም ቀን አልመጣልኝም።

«ደግሞስ» አሉ ቀጥለው፣ «ያቺን ሴት ውኃ ለመናት እንጂ በግድ አጠጣት ይላል?»

«አይልም።»

«በል እንግዲህ።» ስለ በላሁት ሥጋ ሰባት ቀን ጾምና ስግደት ሰጡኝና ተነሡ። ግን ጥያቄዬን አልመለሱልኝም። ማሰቡ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ሁለቱንም ያሉ መሰለኝ።

እሑድ፣ የዘይነባ ደጅ

ጠዋት ተነሥቼ ትንሿን በር ገፋሁ። አልተከፈተችም። አልማዝ ከቅዳሴ መልስ እህል አልቀመሰችም፤ ታለቅሳለች። ዐይኔን ጨፍኜ እንደ ልማዴ «ጌታ ቢሆን?» አልሁ። ሁለት ታየኝ። አንዱ ተንበርክኮ እግር ያጥባል፤ አንዱ ደግሞ ጠረጴዛ ይገለብጣል። ሁለቱም ከወንጌል ናቸው። የትኛው ለዛሬ እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ስለዚህ ምንም ሳይታየኝ፣ እንዲያው በባዶው፣ በዋናው መንገድ ዞሬ የዘይነባን በር አንኳኳሁ።

«ይግቡ ጋሼ» አለች፤ በርጩማ ሰጠችኝ። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

«ምን ላድርግልሽ ብዬ ልጠይቅሽ መጣሁ» አልኋት። ሰውን እንዲህ ብዬ የጠየቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

«ለእኔ ምን ያደርጉልኛል? ለአልሜ ያድርጉ። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው የባሏ ተዝካር ነው የተበላሸው። ‹የእስላም ድንኳን ግቢዋ ባይተከል ይህ አይመጣም ነበር› ይሏታል። እኔ በምን ፊቴ ዐይኗን አያለሁ?»

ደነገጥሁ። አልማዝ ዘይነባ ተቀየመችኝ ብላ ታለቅሳለች፤ ዘይነባ ደግሞ አልማዝን አዋረድኋት ብላ በር ዘግታለች። ከዚህ በፊት ሳስብ ሁለቱም የተናደዱት ለየራሳቸው መስሎኝ ነበር። የአልማዝን ለቅሶ ነገርኋት። በርበሬውን አስቀመጠች።

«ትሪዬ እዚያው ነው» አለች። «አጥበው ያምጡልኝ።»

«ለአንዷ ሴት ሰጥቼ...»

«እርስዎ።»

በአልማዝ ግቢ፣ ሰው እያየ፣ በሳሙናና በአመድ አጠብሁ። የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ እየተጠራሩ «ኣቦይ፣ እኛም ጋ ሳሕን አለ!» ይሉኛል። ወሰድሁላት። ገልብጣ አየችውና «ጠርዙ» ብላ መለሰችኝ። ተመለስሁ። ሁለተኛም መለሰችኝ። በሦስተኛው ተቀብላ ገባች። እሺ ማለቷ ይሁን እምቢ ማለቷ አላወቅሁም።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ትንሿ በር እንደ ተዘጋች ተሰናብቼ ወጣሁ። አልማዝ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ፤ ደግማ አልወቀሰችኝም፣ እሱ ባሰብኝ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ስለ ሥራዬ አሰብሁ። አርባ ዓመት በሌላ ሰው ስም «እኔ አመልካች» እያልሁ ጽፌአለሁ። ባለጉዳዩ ጣቱን ቀለም ላይ ከማድረጉ በፊት ግን ጽሑፉን አነብለታለሁ፤ «እንዲህ አላልኩም» ካለ እሰርዛለሁ። በጌታ ስም የጻፍሁትን ሁሉ ለማን አነበብሁት? መጽሐፉ ይኸው በእጄ አለ፤ ዘጠኝ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ከተናገረው አልፌ ያልተናገረውን ስጽፍለት ግን ማን «ሰርዝ» ይለኛል? ደግሞስ ማሰቡን ጨርሶ ብተወው በምን እመራለሁ? የተማርሁት ይህን ያህል ነው፤ ቀድሞ የነበረኝን አጥቻለሁ፣ በምትኩ የያዝሁት የለም። አሁን ከማሰቤ በፊት አጠገቤ ያለውን ሰው እጠይቃለሁ። ይህ መመሪያ ይባል አይባል አላውቅም።

ደብረ ብርሃን የደረስሁት ሲመሻሽ ነው። ጾሜንና ስግደቴን ጀመርሁ። ለመደወል ድፍረት ያገኘሁት በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ነበር። የአልማዝ ስልክ ብዙ ጠራ። ያነሣችው ሌላ ሴት ናት።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ የአልማዝ ወንድም።»

«ኧረ ጋሼ! ዘይነባ ነኝ። አልሜ ቅዳሴ ናት። እስክትመለስ ቤቱን እየጠበቅኩላት ነው። ምን ልበልልዎ?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ጋሼ? ይሰማል?»

«ይሰማል» አልሁ። «ይሰማል።»