ለሜሮን በፖስታ የመጡ ተረቶች

ልጅ ሳለሁ በወር አንድ ቀን ሜሮንን እጠላት ነበር፤ ፖስታዋ የሚመጣበትን ቀን። በቀሩት ቀናት ጓደኛዬ ናት። አጥራችን አንድ፣ ትምህርት ቤታችን አንድ፣ ቅማል እንኳ የያዘን አብሮ ነው። ያቺ ቀን ስትደርስ ግን አባቷ ከሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ ሲመለሱ በብብታቸው የያዟትን ቡናማ ጥቅል ገና በሩቁ አይና አንጀቴ እርር ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድርጅት ለልጆች የተረት ክበብ አቋቁሞ ነበር። የዓመቱን ከፍሎ አባል ለሆነ ልጅ በየወሩ አንድ ስስ መጽሐፍና አንድ ካሴት በፖስታ ይላክለታል፤ መጽሐፉ አንድ ተረት፣ ካሴቱ ደግሞ ሌላ ተረት። የሜሮን አባት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለነበሩ የራሳቸው የፖስታ ሳጥን ነበራቸው። እኛ ቤት እንኳንስ የፖስታ ሳጥን፣ ደብዳቤ የሚጽፍልን ዘመድም አልነበረን።

ከካሴቱም ከመጽሐፉም ይልቅ ያንገበገበኝ ግን አድራሻው ነው። ጥቅሉ ላይ በታይፕ «ለወይዘሪት ሜሮን» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል። አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ የምትጠርግ ልጅ፣ ወይዘሪት! ያኔ እኔን እንዲያ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም፤ እናቴ «አንቺ ቀልበ ቢስ» ነበር የምትለኝ። እኔንም አባል አድርጊኝ ብዬ ስለምናት ሳቀችብኝ።

«ተረት ለመስማት ገንዘብ? አባባ እዚህ ቁጭ ብለው?»

አባባ ሉቃስ የእናቴ አባት ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ምሽት ላይ በረንዳው ላይ የከሰል ምድጃ አስቀምጠው የበቆሎ እሸት እያገላበጡ ተረት ያወሩልኛል፤ ጢሱ ከሐይቁ በኩል በሚመጣው ነፋስ እየተገፋ ዓይናችንን ያስለቅሰናል፣ ፍሙን እፍ ባሉት ቁጥር ደግሞ ፊታቸው ይቀላል። ጎበዝ ተራች ነበሩ ብል ግን ውሸት ነው። ይረሳሉ። ጅቡ መሃል ላይ አንበሳ ይሆናል፣ የሞተው ንጉሥ ማንም ሳያስነሳው ተመልሶ ዳኝነት ይቀመጣል። የሜሮን ካሴት አይረሳም። ዋሽንት አለው፣ የነጎድጓድ ድምፅ አለው፣ የምትተርከዋ ሴትዮ አንደበት ደግሞ ማር ነው። እሷ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ከሰማሁ በኋላ የአባባ ተረት አልጥመኝ አለ። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም። አንድ ምሽት በቆሎዬን ሲያቀብሉኝ «የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ጽጌ» አሉኝ። እኔ ግን መድመቅ ነበር የፈለግሁት።

አንድ ክረምት ፖስታዋ በመጣችበት ዕለት መብራት ጠፋ። የሜሮን ቴፕ በባትሪ ድንጋይም ይሠራ ነበር፤ ጨለማ ስለምትፈራ ቴፗን አቅፋ በዝናብ እየሮጠች እኛ ቤት መጣች። አባባ ፋኖሱን አጠገባችን አስጠጉልንና አብረውን ሰሙ። ተረቱ ሠርግ ስለተጠራች ዔሊ ነበር። ከባዱን ቅርፊቷን ተሸክማ መጨፈር ስለማይሆንላት ዛፍ ሥር አውልቃው ሄደች። ስትጨፍር አመሸችና ስትመለስ ዝናብ ጀመረ፤ ልትገባ ስትል ለካ ቅርፊቷ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል። «ማነህ አንተ?» ብላ ጮኸች።

ይኼኔ ድንጋዩ ደከመ። ያቺ ማር የመሰለች ሴትዮ ድምፅዋ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ እንደ ሰካራም አጉረምርማ ዝም አለች። ድንጋዮቹን አውጥተን ነከስናቸው፣ አሸናቸው፣ ወይ ፍንክች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሜሮን ግን ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አይዞሽ፣ ቀሪውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ አባባ።

ከየት ያውቁታል? ካሴቱ ዛሬ ነው የመጣው።

«ውስጥ ያለችው አይጥ ናት። ዝናብ የመታት ሚጢጢ አይጥ። ዔሊዋ ‹ውጪ ከቤቴ!› ብትላት አይጧ ምን አለቻት? ‹ግቢ እንጂ፣ ምን ደጅ አቆመሽ? ትበሰብሻለሽ› አለቻት።»

ሜሮን ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተጣበው አደሩ፤ ቦታው ስላልበቃ ዔሊዋ አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታ ተኛች። ሲነጋ አይጧ አመስግና ሄደች። «ዔሊ እስከ ዛሬ አንገቷን ብቅ የምታደርገው ያቺ አይጥ ትመጣ እንደሆን ለማየት ነው» ብለው ጨረሱ።

ያን ምሽት ምንም አልተምታታባቸውም። ዔሊዋም ዔሊ፣ አይጧም አይጥ እንደሆነች አለቀች። ለእኔ ሲሆን ጅቡ አንበሳ ይሆናል፤ ለሜሮን ሲሆን እንዲህ ያለ ያማረ ተረት ከየት አመጡት?

«አባባ፣ እርስዎ ከካሴቱ ይበልጣሉ!» አለቻቸው ሜሮን።

እሳቸው እንደ ሙሽራ አፈሩ። ካሴቱ የእሷ፣ መጽሐፉ የእሷ፣ ወይዘሪትነቱም የእሷ፤ ለእኔ የቀረኝ አንድ አያት ነበር፣ እሱንም ስትወስድብኝ ቁጭ ብዬ አየሁ።

መብራት በመጣ በማግስቱ ደግሞ ጭራሽ ቴፗን ይዛ ተመለሰች። እንዲቀዳላት የካሴቱን ቀዳዳዎች በወረቀት ጠቅጥቃቸዋለች። የሴትዮዋን ፍጻሜ አጥፍታ በእሱ ላይ የአባባን ልትቀዳ ነው። አባባም ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ካሴት ላይ ለማይታይ ነገር አጊጠው ጀመሩ። አይጧ «ግቢ እንጂ» ስትል አልቻልኩም። ተነስቼ በሩን በኃይል ወርውሬው ወጣሁ፤ ከጓሮ ካለው የዘይቶን ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያቺን ተረት ዳግመኛ አውሩልኝ ብዬ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አላነሱብኝም።

ክበቡ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። አባባም እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሳልጨርስ አረፉ። ከእሳቸው ለእኛ የቀረን አንድ ፎቶግራፍና ያቺው ባርኔጣ ናት። ድምፃቸው ግን ሜሮን ጋ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት አውቅ ነበር፤ በሠርጓ ሳጨበጭብ፣ ልጇን አቅፌ ስስም አውቅ ነበር። አሰሚኝ ማለት ግን ከአፌ አልወጣም፤ የገዛ አያቴን ከሰው ቤት መለመን መሰለኝ።

ባለፈው ግን ልጠይቃት ሄጄ ሳለ ትንሿ ልጇ «እማዬ፣ የአያትሽን ተረት ክፈቺላት!» አለቻት። የአያትሽን! የልጅነቴ ቅናት አንድ ቀን እንኳ ሳያረጅ ከተኛበት ተነሳ። ሜሮን ወደ ስልኳ አስገልብጣው ኖሯል። ዓይኔን ሳታይ ከፈተችው።

መጀመሪያ የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። ከዚያ ቋ ብሎ ተቆረጠና አባባ መጡ፤ ያው ጉሮሮ መጥረግ፣ ያው ሳል። ዔሊዋ ጮኸች። አይጧ «ግቢ እንጂ» አለች። በሩ ተወረወረ፤ በራችንን አወቅሁት። አባባ ተረቱን አቋረጡ። ከዚያ፣ እኔ ዘይቶን ሥር ሳለቅስ ያሉትን፣ ያን ሁሉ ዓመት ዘግይቼ ሰማሁ።

«ሄደች? ወይ ጽጌ። ዔሊዋ የካሴቱ ናት፣ አይጧ ግን የእሷ ናት እኮ። ያኔ ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ፣ ዝናብ ስላገኛት አይጥ እየነገርኳት፣ ለአይጧ መጠለያ ሳላገኝላት ጽጌን እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ሳስብላት ነበር። ይኸው አሁን ቤት አገኘሁላት። ስትመለስ ንገሪያት፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ካሴቱ ላይ ያለችው ትንሿ ሜሮን።

ትልቋ ሜሮን ስልኩን አጠፋችው። «አልነገርኩሽም» አለች። «ሁሉ ነገር የእኔ እንዲሆን ፈልጌ ነው። አንቺ እኮ አባባ ነበሩሽ፤ እኔ ተረት የሚመጣልኝ በፖስታ ነው።»

አልተቆጣኋትም፤ በቅናት እኔ ማንን ልወቅስ? ተረቱን ወደ ስልኬ ላከችልኝና ወደ ቤቴ ሄድኩ። አሁን ድምፃቸው የእኔም ነው፤ ስፈልግ እከፍተዋለሁ፣ እንደ ካሴቱ ሴትዮ አይረሱም፣ አይሳሳቱም። ቅናቴ ግን አለቀቀኝም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። በሜሮን መቅናት ትቻለሁ። የምቀናው በወባ ትኩሳት ተጠቅልላ በተኛችው ልጅ ነው፤ አያቷ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ለእሷ ብቻ ተረት እየፈጠሩ፣ እሷ እንቅልፏን ትለጥጣለች።