መርዶ ሳይነገረው ለቅሶ የደረሰው ሰውዬ

የጄኔሬተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ በሐሳብ አሰላ እመለሳለሁ። ሌላው ሰው ጆሮውን ይዞ ሲሸሽ እኔ ወደ ድምፁ እጠጋለሁ፤ የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እናቴ ሻርፗን አጥብቃ በኮረኮንቹ ላይ ስትገሰግስ ትታየኛለች፣ ከኋላዋ «ኧረ ሳያልቅ!» የሚለው የአባቴ ጩኸት ይሰማኛል፣ ብቻዬን መንገድ ላይ ቆሜ እስቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነበር። አሰላን ዝናብ ከያዛት እንግዲህ አይለቃትም፤ ጭላሎ ጭጋጉን ተከናንቦ ይጠፋና፣ ባጃጆቹ የየጉድጓዱን ውሃ እየረጩ፣ የጋሪ ፈረሶቹ ጆሯቸውን ጥለው፣ ሰው ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። አባባ የቢራ ገብስ ነጋዴ ስለነበር ክረምት ሲመጣ ሥራ ይቀዘቅዝበታል፤ ያን ዓመት ቁጭ ብዬ ከማዛጋ ብሎ ዲሽ አስተከለ። ዲሹም ያንን ድራማ ይዞብን መጣ።

በውጭ አገር የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው ይባል ነበር፤ በአማርኛ ድምፅ ተተርጉሞ በየእሑዱ አሥር ሰዓት ላይ ይተላለፋል። ወንዝ ዳር ባለች አንዲት ከተማ አንድ የማይታወቅ ሰው ወጣት ሴቶችን እያደባ በየተራ ይገድላል፤ አንድ ከሲታ መርማሪ ደግሞ ሌት ተቀን ያሳድደዋል። የመክፈቻው ሙዚቃ ገና ድም ሲል ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ቆሏቸውን በሻሽ ቋጥረው ይገቡ ነበር፤ እማዬም ነፍሰ ገዳዩ ከአሰላ አስፋልት የሚመጣ ይመስል በሩን ትቀረቅር ነበር። በሩ ተቀርቅሮም እኔ እግሬን ከሶፋው ላይ አላወርድም ነበር።

ሁላችንም የየራሳችን ተጠርጣሪ ነበረን። አባባ ገዳዩ ሥጋ ሻጩ ነው ባይ ነበር፤ «ይሄን ዓይን ገበያ ላይ አውቀዋለሁ፣ ሚዛን የሚሰርቅ ሰው ዓይን ነው» ይላል። እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ሐኪሙን ጥርስ ውስጥ አስገብተውት ነበር። ሁላችንም አንድ ላይ የምንወደው ግን ጥቁር ጃንጥላ የማይለየውን ፀጉረ ነጭ ሰውዬ ነበር። ሟቿ ማንም ትሁን ለቅሶ አይቀርም፤ አበባ ይዞ ይመጣል፣ እናቲቱን ደግፎ ያስቀምጣል፣ ቀብር ላይም ከፊት ነው። እትዬ ጥሩነሽ «የእድራችን ሊቀ መንበር መሆን የነበረበት እንዲህ ያለ ሰው ነው» ሲሉ፣ አባባም «ለቅሶ የማይቀር ሰው ክፉ አይወጣውም» ብሎ ያጸድቅላቸው ነበር። እኛ ዘንድ ሰው የሚመዘነው በዚያ ነው፤ ሠርግ የቀረ ይታለፋል፣ ለቅሶ የቀረ ግን ስሙ በደግ አይነሣም።

ታላቅ እህቴ ሙና ብቻ ዝም ብላ ታይ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት የምትጠብቅበት ክረምት ነበር፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ፖሊስ ኮሌጅ ገብታ መርማሪ መሆን። አባባ ይህን ሲሰማ እሳት ጎርሶ እሳት ይተፋ ነበር። «እኔ ልጄን ያሳደግኩት ከወንበዴ ጋር እንድትሯሯጥ ነው? መምህርት ሁኚ፣ ነርስ ሁኚ፣ ካሻሽም ሱቅ ልክፈትልሽ!» ይላታል። ክፋት አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር፤ ያኔ ግን አባት የሚፈራ ስለማይመስለኝ በሙና ፈንታ እኔ አኮርፈው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲቀንስ ውጤቷ መጣ፤ በጥሩ ነጥብ አልፋለች። የኮሌጁ የምዝገባ ማስታወቂያም ወጣ። በዚያው ሰሞን ድራማው ላይ ሦስተኛዋ ልጅ ተገደለች። መርማሪው ሬሳዋ ከተገኘበት ወንዝ ዳር በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ነድቶ ሲደርስ፣ ባለ ጃንጥላው ሰውዬ ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ አበባውን ታቅፎ፣ ከአጥሩ በር ላይ ቆሟል። እናቲቱ ሰምታ ስትወድቅም የደገፋት እሱ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ደረታቸውን ደቁ፣ እማዬ አለቀሰች፣ እኔም ተከትዬ ነፈረቅኩ። ሙና ግን ብድግ አለች።

«ይሄን ሰውዬ ማን አረዳው?»

«ምን አልሽ?» አለ አባባ።

«እናትየዋ እንኳ ገና አልተነገራትም፤ መርማሪው ነው ሊያረዳት የመጣው። ታዲያ እሱ መሞቷን ከማን ሰምቶ ጥቁር ለበሰ?»

የእትዬ ጥሩነሽ እጅ ደረታቸው ላይ ቀረ። እኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይወረወርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ቀድሞ የሰማ ሰው ቢኖር እንኳ ፊቱን ደብቆ ሰዓቱን ይጠብቃል እንጂ ጥቁር ለብሶ በር ላይ አይገተርም፤ ማን እንደነገረውም ይታወቃል። ይህን ሁላችንም ከሙና እኩል እናውቅ ነበር፤ ሰውዬው ለቅሶ ደራሽ ነው ብለን ዓይናችንን ጨፍነን ነው እንጂ።

አባባ ግን ሣቀ። «አንቺ ልጅ፣ ደግ ሰው አይዋጥልሽም እንዴ? ሥጋ ሻጩ ነው ብያለሁ! ያንቺው ሽማግሌ ከሆነማ፣ እትዬ ጥሩነሽ ይስሙኝ፣ ቃሌ ነው፣ ራሴ ወስጄ አስመዘግብሻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እስኪደርስ የምንተነፍሰውም በግድ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል የመጣው ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ በየማሳው ቢጫ ሆኖ ነፋሱ ሲያወዛውዘው ነበር። ምዝገባው በዚያው ሳምንት ይዘጋል። ሙና ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። መርማሪው የአንድ አሮጌ ቤት ደረጃ ወጥቶ፣ ሽጉጡን አውጥቶ፣ የበሩን እጀታ ይዞ ገፋ ሲያደርግ፣ ድርግም! መብራት ሄደ።

እትዬ ጥሩነሽ «ኡኡ!» አሉ። አባባ ወጥቶ አየና «ሰፈሩ ሁሉ ጠፍቷል» እያለ ተመለሰ። ሙና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እማዬ ግን ተነሥታ፣ ከግድግዳው ላይ ሲንቄዋን አወረደች። ሲንቄ እናቷ በሠርጓ ቀን የሰጠቻት ቀጭን በትር ናት፤ ያገባች የአርሲ ሴት እሷን ይዛ መሐል ስትቆም፣ የሚደባደብ ወንድ እንኳ ጠቡን ይተዋል እንጂ አልፏት አይሄድም።

«አስፋልቱ ዳር ያለው ሻይ ቤት ጄኔሬተር አለው፤ ተነሡ» አለች።

«ወንዶቹ ኳስ እያዩ ነው እኮ! ደግሞስ ሲንቄ ለድራማ ይወጣል እንዴ?» አለ አባባ ደንግጦ።

«ለድራማ ማን አወጣት? ለልጄ ነው።»

ሮጥን። እማዬ ከፊት፣ ሙና ተከትላት፣ እኔ ጫማዬ እየወለቀ፣ እትዬ ጥሩነሽ ቆሏቸውን እያፈሰሱ፤ መጀመሪያ ላይ አፍሮ ወደ ኋላ ይል የነበረው አባባ ደግሞ መንገድ ላይ ጉጉቱ አሸንፎት «ኧረ ሳያልቅ!» እያለ ያጣድፈን ጀመር። ሻይ ቤቱ በወንድ ጢም ብሏል። እማዬ በሩ ላይ ቆመች፤ ሲንቄዋን አላነሣቻትም፣ ይዛት ብቻ ቆመች። ጫጫታው ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየበረደ ሄደ።

«ማሎ፣ እባካችሁ ወንድሞቼ፣ የልጄ ጉዳይ ነው፤ ጣቢያውን ለጥቂት ደቂቃ ቀይሩልኝ።»

አንዱ ጎረምሳ «ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ እኮ ነው!» ብሎ ሲጮህ፣ ጥግ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መትተው «ሲንቄ ቆማ ኳስ አይታይም፤ ቀይረው!» አሉ። ተቀየረ።

በሩ ተከፍቷል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፣ ከጠረጴዛው ላይ የተንጋለለው ግን ጥቁር ጃንጥላ ነው። መርማሪው ካቴናውን እያወጣ ጠየቀው፤ «ያቺ ልጅ መሞቷን ከማን ሰማህ?»

እኛ ስንጮህ፣ ድራማውን አንድ ቀን እንኳ ያላየው የሻይ ቤቱ ወንድ ሁሉ ጎል የገባ ይመስል አብሮን ጮኸ። አባባ ወንበር ላይ ወጥቶ «ማን አረዳው! ብላ ነበር እኮ፣ ልጄ ቀድማ ብላ ነበር!» እያለ ላላወቀው ሁሉ ያስረዳል፤ የተሸነፈው እሱ መሆኑ ጭራሽ ተረስቶታል። አዛውንቱ ቃል መግባቱን ከእትዬ ጥሩነሽ ሲሰሙ «ታዲያ ቃልህስ?» አሉት። አባባ ከወንበሩ ወርዶ ሙናን አያት፤ ሣቁ ጠፋ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቃሌማ ቃል ነው» አለ፣ «እፈራላታለሁ እንጂ»። ፍርሃቱን ከአፉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ጋሪ ጠርቶ፣ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ፣ ራሱ ወሰዳት።

ዛሬ ሙና መርማሪ ናት። የእኔ ልጆች የወንጀል ድራማ በየስልካቸው፣ በየክፍላቸው ያያሉ፤ ገዳዩን ለማወቅ ከቸኮሉም ወደ መጨረሻው ገፋ ያደርጉታል፣ መብራት ቢሄድም ወዴትም አይሮጡም። ሙና ከነጭራሹ አታይም። ያኔ ገዳዩ ሲያዝ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎን ጨፍረን ወደ ቤታችን ገብተን ነበር፤ እሷ ግን ገዳይ ከመያዝ ይልቅ የሚከብዳት የሟች እናት በር ማንኳኳት እንደሆነ ትናገራለች፣ ሽማግሌና ዘመድ ሳታስከትልም አታንኳኳም። ደክሟት ስትገባ ሁላችንም «ተያዘ? ማን ሆኖ ተገኘ?» እያልን እንከባታለን። ያረጀው አባባ ብቻ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንስና፣ አጠገቡ ቦታ እየለቀቀላት «ልጄ፣ ዛሬ ማንን አረዳሽ?» ይላታል።