ሁለቱ ዚፖችና የዘይነባ ጥያቄ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቾክ አልሰጡኝም። የሰጡኝ የፕላዝማውን ሪሞት ነው። «የሚያስተምረው እሱ ነው» አሉኝ፣ ብረት ሳጥን ውስጥ ወደተቆለፈው ቴሌቪዥን እያመለከቱ። «አንተ አምስት ደቂቃ ታስተዋውቃለህ፤ ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ታጠቃልላለህ።» ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት የተንከራተትኩት ለአሥር ደቂቃ ነው ብዬ ሳቅሁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ በምትገኝ ከተማ፣ መሰናዶ ትምህርት ቤት፣ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። የፕላዝማው እንግሊዝኛ ይሮጣል። ተማሪዎቼ ደግሞ ግማሾቹ ሁለት ሰዓት በእግር መጥተው ገና ላባቸውን እየጠረጉ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ የዘረመል ምሕንድስና ምዕራፍ ነበር። ሰብል እንዴት እንደሚነደፍ የሚያሳየው ሥዕል ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከልብስ ሰፊ ሁለት አሮጌ ዚፕ ለመንኩ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ።

«ቀዩ የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ ትል የሚገድል ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረመል አለው። ሰማያዊው በቆሎ ነው» እላቸዋለሁ። ከቀዩ የምፈልገውን በመቀስ እቆርጣለሁ፤ መቀሱ ኢንዛይም ነው። ሰማያዊውን ከፍቼ መሃሉ ላይ እሰፋዋለሁ። ከፊቱ «ጀምር»፣ ከኋላው «አቁም» የሚል ቁራጭ ካልተቀጠለለት ዘረመሉ ገብቶም ሥራ አይሠራም። የተሰፋው አንዲት የበቆሎ ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ ከሕዋሷ ሙሉ ተክል ይበቅላል። ንድፉ ይኼው ነው።

አንድ ቀን ዘይነባ ከፊት ወንበር እጇን አወጣች። አባቷ ሼህ ሰይድ ለመንደሩ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ስንዴም የሚያርሱ ሰው ናቸው።

«ቲቸር፣ የግብርና ሠራተኛው ለአባቴ ያመጣው ምርጥ ስንዴስ እንዲህ ነው የተሠራው?»

አይደለም። ስንዴን ከስንዴ አዳቅለው ያወጡት ነው፤ ከባክቴሪያ ጋር ምን አገናኘው? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ግን የፕላዝማው ሙዚቃ ጀመረ፤ ፕላዝማው መከፈቱን የሚቆጣጠረው ሱፐርቫይዘርም በመስኮት ያያል። «ቆይ፣ በኋላ» አልኳት። ፕላዝማው አልቆ ሳጠቃልል ደወል ተደወለ። እኔም ረሳሁት።

በሳምንቱ መምህራን ሁሉ ለግምገማ ተጠራን። ሼህ ሰይድ ምርጥ ዘሩን መልሰዋል፤ መንደሩም እሳቸውን አይቶ መልሷል። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። «ዘሩ ያጠራጥራል የሚለው ወሬ የወጣው ከዚህ ትምህርት ቤት ነው! ፀረ ልማት አመለካከት ያለው መምህር አለ። ግለ ሂስ ያድርግ!»

የደረጃ ዕድገቴ የሚታየው በዚያ ወር ነው። ተነስቼ፣ «እኔ በትክክል አስተምሬያለሁ። ተማሪዋ ናት አጣምማ ያወራችው» አልኩ። አወይ ውርደት! ግለ ሂስ አድርግ ብባል ልጅ አሳልፌ ሰጠሁ።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሥር አቆሟት። «ያወራሁት ውሸት ነው በይ» አሏት። በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «ሳትናገሪ ክፍል አትገቢም» ሲሏት ደብተሯን ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ከቀናት በኋላ ሼህ ሰይድ መጡ። ሰላምታ እንኳ አላጓደሉብኝም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር። ልጄን ስለ ዘሩ ጠየቅኋት። ‹ቲቸርን ጠይቄው አልመለሰልኝም፤ አላውቅም› አለችኝ። እኔም ሹብሃ ያለበትን፣ ያልጠራልኝን ነገር አልዘራም ብዬ መለስኩት። አላውቅም ማለት ውሸት ነው ወይ?»

«አይደለም፣ ሼህ።»

«ታዲያ አንቱ ምነው ሌላ አሉ?»

ስለ ስንዴው እውነቱን ያኔ ነገርኳቸው።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

«እኔ ዘንድ ልጅ አንዲት ፊደል ሲስት፣ የጻፈበትን የእንጨት ሉህ ይዤ እስኪያቃና አላሳልፈውም» አሉኝ። «አንቱ ዘንድ ምን ያስቸኩላል?»

«ትመለስ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እናገራለሁ» አልኳቸው።

«ትናንት ደሴ ወርዳለች። ጅዳ ልትሄድ ነው» አሉና ሄዱ።

ዕድገቱን በዚያው ወር አገኘሁ። ጥፋቴንም በሌላ ግምገማ ተናገርኩ፤ እሷ ጅዳ ከገባች በኋላ። ቃለ ጉባኤ ላይ እንኳ አልጻፉትም።

በዓመቱ ያው ምዕራፍ ሲደርስ ፕላዝማውን አጠፋሁት። ሱፐርቫይዘሩ ገብቶ «ምነው አጠፋኸው?» አለኝ። «ጥያቄ አለ» አልኩት። ክፍሉ ውስጥ እጁን ያወጣ ማንም አልነበረም። ምርጥ ዘር ምን እንደሆነ፣ በዘረመል ምሕንድስና ከሚነደፈው በምን እንደሚለይ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው።

ለወጣት መምህራን የምለው ይኼን ነው። ተማሪ ሲጠይቃችሁ እዚያው መልሱ። ካላወቃችሁ አላውቅም በሉ። ዘይነባ ለአባቷ እንዲያ ብላ ነበር።