የእትዬ እህተማርያም በር እና የተጣለው ሚስማር

እኔ በያጅ ነኝ። ላሜራ ቆርጬ፣ በይጄ፣ ቀለም ቀብቼ በር አስረክባለሁ፤ ሌባ አይሰብረው፣ ምስጥ አይበላው። ታዲያ ጎረቤቴ ጋሽ ሽፈራው አንድ የእንጨት በር ይዞ በጋውን ሙሉ ሲያሻሽ እያየሁ ግራ ቢገባኝ ይፈረድብኛል?

ሁለታችንም የምንሠራው ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግድግዳ ተጋርተን ነው። ጋሽ ሽፈራው እንጨትን እንደ ሰው ያናግራል። መዳፉን ይጭንበትና "የት ጋ ነው ያመመህ?" ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ስልክ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ሚስማር ደግሞ ጠላቱ ነው። አንዱን እንጨት በሌላው ውስጥ ሰክቶ፣ ኮላ ቀብቶ ነው የሚያቆመው። "እንጨትና እንጨት ካልተስማሙ ሚስማር አያስታርቃቸውም" ይላል።

በሩ የእትዬ እህተማርያም ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ባላቸው አቶ መንገሻ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሳቸው የተከሉት ዋንዛ ግን ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሥሩ የቤቱን መሠረት መሰንጠቅ ሲጀምር ልጆቻቸው አስቆረጡት። እትዬ አልቅሰው አልቅሰው፣ በመጨረሻ ግንዱን አስጭነው ጋሽ ሽፈራው ጋ መጡ።

"መንገሻ የተከለው ነው። የቤቴ በር አድርግልኝ። ሌላ እንጨት እንዳትቀላቅልብኝ፣ አደራ!" አሉት።

እንጨቱ እስኪደርቅ ተጠበቀ። ከዚያ ጋሽ ሽፈራው ግንዱ ቅርንጫፍ ያወጣበትን ቦታ ሰንጥቆ፣ ሁለቱን ሳንቃ እንደ መጽሐፍ ገልጦ ጎን ለጎን አስተኛቸው። የእንጨቱ መስመር ይጠማዘዛል፣ ይንቀለቀላል፤ የግራው በቀኙ ይደገማል። "ከእንጨት መርጦ ለታቦት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለበር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?" ብዬ ቀለድኩበት። በሆዴ ግን ቀንቻለሁ።

አንደኛው ሳንቃ ላይ አንድ የጠቆረ ቦታ ነበረ። ዛፉ ድሮ ሚስማር ውጦ ኖሯል፤ ዝገቱ እንጨቱን አጥቁሮታል። አናጢ ይሄን "በሽታ" ነው የሚለው። ጋሽ ሽፈራውም የጠቆረውን ከነሚስማሩ ቆርጦ ጣለና በቦታው ጤነኛ እንጨት ተካ።

በሩ የተገጠመ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ። እኔም ማጠፊያውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። እትዬ ቀረብ ብለው የበሩን አንዱን ተከፋች ዳሰሱ፣ ሌላውን ዳሰሱ፣ ቀና ብለው ፈለጉ።

"ጥቁሩስ?" አሉ።

"የቱ ጥቁር፣ እትዬ?"

"የሚስማሩ ነዋ! መንገሻ በየማለዳው መስታወቱን ሰቅሎበት ጺሙን ይላጭ ነበር። እኔ ከኋላው እቆማለሁ፤ ሁለታችንም እዚያች መስታወት ላይ እንታይ ነበር።"

ጋሽ ሽፈራው ወዙ ጠፋ። "በሽታ መስሎኝ... ቆርጬ ጣልኩት። ለምን አልነገሩኝም?"

"ዛፉን በሙሉ አይደል እንዴ የሰጠሁህ! ምኑን ልንገርህ?" አሉ። "ይሄ የኔ ዛፍ አይደለም። የሌላ ሰው እንጨት ነው ያመጣህልኝ።"

ጋሽ ሽፈራው የእርስዎው ዛፍ ነው ብሎ በመድኃኔዓለም ማለ፣ ተገዘተ። እትዬ ወይ ፍንክች! በአዲሱ በር አልገባም ብለው፣ በጓሮ ዞረው በማድ ቤት በኩል ገቡ።

ጋሽ ሽፈራው ከዚያ ወዲያ መላጊያ አላነሳም። "ሔኖክ፣ ለመሆኑ የሠራሁት የሳቸውን እንጨት ነው?" አለኝ።

"እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ!"

ለካ ያን ሰሞን ለቁም ሣጥን የመጣ የሌላ ሰው ዋንዛም እዚያው ተደርድሮ ነበር። የተካው እንጨት ከየትኛው ክምር ነው? አያስታውስም። የቀሩትን ሳንቃዎች አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። "ዝም አሉኝ" አለ። ልስቅ ፈልጌ አልቻልኩም፤ አሳዘነኝ።

ቁርጥራጩን ለማገዶ የምትወስደው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የአሳ ሾርባ የምትሸጠው ታቢታ ናት። ባጃጅ ይዘን ሄድን።

"ጋሼ፣ የእርስዎ እንጨትማ ሾርባ ሆኖ ተጠጥቷል!" ብላ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ አመዱን በአካፋ ዛቀችልን። በርከክ ብለን በጣታችን ፈለግን። ሚስማር ሞልቶታል! የሣጥን ይሁን፣ የአጥር ይሁን፣ የአቶ መንገሻ ይሁን ማን ያውቃል? ብረት ስቆርጥ የኖርኩት እኔ እንኳ መለየት አቃተኝ፤ እሳት የበላው ሚስማር ሁሉም አንድ ነው። ጋሽ ሽፈራው ሲያነሳ ሲጥል ቆይቶ አንዱን ያዘ።

"እሱ ነው?" አልኩት።

"እኔንጃ" አለኝ።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። ጋሽ ሽፈራው ሚስማሩን መዳፋቸው ላይ ሲያኖርላቸው ጨበጡት። መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አላደረጉትም።

"እሱ ነው" አሉ። "ምታልኝ።"

ሚስማር ጠላቱ የሆነው ሰው፣ በጋውን ሙሉ ያሻሸው በር ላይ ሊመታ መዶሻ አነሳ። በእሳቸው ቁመት ለክቶ ሚስማሩን ደገነ።

"ከፍ አድርገው።"

"አይደርሱበትም እኮ፣ እትዬ።"

"መንገሻ ረጅም ነበር" አሉ።

ከፍ አድርጎ መታው። እትዬ በበሩ ገብተው ያቺን አሮጌ መስታወት ይዘው ተመለሱ፤ እኔ ተንጠራርቼ ሰቀልኩላቸው።

መስታወቷ ዛሬም እዚያው ናት። መንገደኛው ሁሉ "መስታወት በውጭ በር ላይ ምን ይሠራል?" እያለ ግራ ይጋባል። እንጨቱ የማን ነው? ሚስማሩስ? እኔም ሆንኩ ጋሽ ሽፈራው እስከ ዛሬ አናውቅም። አንድ ማለዳ ሥራ ይዤ በዚያ ሳልፍ እትዬ በሩ ፊት ቆመው አየኋቸው። ፊታቸው መስታወቷ ላይ አይታይም፤ ከፍ ብላለች። ራቅ ብለው ነው የቆሙት፤ ከፊታቸው አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ትተዋል።