የወፍ አንጎልና የበግ ጆሮ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቤተ ሙከራው ኃላፊ ኦቦ ቶለራ አንድ እርሳስ አስጨበጡኝ። «ስላይድ ላይ የሚጻፈው በዚህ ብቻ ነው። የማርከር ቀለም አልኮል ይበላዋል። ገባሽ? ሲፍ ገሌ?» አሉኝ። «ኤዬ፣ ገብቶኛል» አልኩ። አምቦ ድረስ በቴክኒሺያንነት ተቀጥሬ መጥቼ እርሳስ መሸለሜ ግን አስቆኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ቢንያም የሚባል የማስተርስ ተማሪ ከሐዋሳ ወደ ቤተ ሙከራችን መጣ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ወንዱ ወፍ ሲያዜም ሴቷ ዝም የምትለው ዜማውን በሚያዘው የአንጎል ክፍል የሴሎቻቸው ቅርንጫፍ ስለሚለያይ ነው ወይ? ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ስድስት ወፎች በፈቃድ ተያዙ፤ ሦስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ፈቃዱም ለስድስት ብቻ ነበር።

አንጎሎቹን ሜርኩሪና ክሮማት ባለበት ውህድ ነክረን ሁለት ሳምንት ጨለማ ውስጥ አቆየናቸው። ውህዱ ከብዙ ሴሎች ጥቂቱን ብቻ ያጠቁራል። የጠቆረው ሴል ከነቅርንጫፉ፣ በቅርንጫፉ ላይ ካሉት ጥቃቅን እሾሆች ጋር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንጎሎቹን በስስ በስሱ ቆርጠን ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ ልናሰፍር ስንል፣ እርሳስ የሚይዙት ጫፈ ሻካራ ስላይዶች አልቀዋል። «በማርከር ጻፍበት፣ ምን ይሆናል» አልኩት። አፌን በቆረጠው!

ስላይዶቹ ውኃቸው እንዲወጣ በየተራ አልኮል ውስጥ ይነከራሉ። ከመጨረሻው አልኮል ሳወጣቸው መስታወቱ ላይ አንድም ፊደል የለም። የትኛው የወንድ፣ የትኛው የሴት እንደሆነ ጠፋን። የቢንያም ፊት አመድ መሰለ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ዲፌንስ በወሩ መጨረሻ ነው።

«አዴ ጫልቱ፣ ቅርንጫፉ የበዛውን ወንድ ብለን ብንለየውስ?»

«ጥያቄህን መልስ አድርገህ ልትጽፍ? ይሄ ማጭበርበር ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ጥፋቱ የራሴ ስለነበር ወዲያው አፈርኩ።

አንዱን ስላይድ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። በቁራጩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ጭረት አየሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እኔ ጎጆ ከተማ አካባቢ ያደግኩ የበግ አርቢ ልጅ ነኝ። አባቴ በጎቹ ከጎረቤት መንጋ ጋር ቢቀላቀሉ እንዲለዩ ጆሯቸውን በምላጭ ይበጣ ነበር። እኔም ማንኛውንም አንጎል ውህድ ውስጥ ከመጨመሬ በፊት ጠርዙን ከፊት እስከ ኋላ እጭራለሁ። ወንዶቹን ከታች፣ ሴቶቹን ከጎን፣ በየተራ ቁጥራቸው ልክ። እጄ ሠርቶት ልቤ ረስቶታል። የዕለት ደብተሬን ገልጠን አስተያየን፤ ስድስቱም ተገኙ። ቢንያም አቀፈኝ፣ እኔም አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ቆጠራው ሲያልቅ በጥቅሉ የወንዶቹ ቅርንጫፍ በለጠ። አንዷ ሴት ግን ከሁለት ወንዶች በልጣ ተገኘች። በቢንያም ዘዴ ለይተን ቢሆን ኖሮ እሷን ወንድ ብለን እንጽፋት ነበር።

ስላይድ ላይ በእርሳስ ጻፉ። እርሳስ የሚይዝ ስላይድ ከሌለ እስኪመጣ ጠብቁ።