ውሃው በየት ገባ?

የሰፈሩ ሰው «ለምን» እያለ ይጠራታል። ስሙ የወጣላት በልጅነቷ ነው። ቀለም ቀቢ አባቷን ተከትላ ትዞር ነበርና፣ ስቱኮ ለምን ይሰነጠቃል፣ ሚስማር ለምን ይዝጋል፣ ቀለም ሲደርቅ ለምን ይጠቁራል እያለች መድረሻ ታሳጣቸው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ቀለሙ ሳያልቅ እኔ አልቃለሁ» ይሏት ነበር አባቷ፤ ቢሆንም መልስ ነፍገዋት አያውቁም።

ዛሬ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ጥያቄዋ ግን አላረጀም። መተዳደሪያዋ በበርና በመስኮት ዙሪያ፣ በግድግዳውና በክፈፉ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ከውጭ በኩል ማሸግ ነው። ሌላው ሰው ሱቅ ገብቶ «አንድ ሲሊኮን ስጠኝ» ብሎ ይወጣል። እሷ እቴ! ታሸታለች፣ በጣቷ ትለጥጣለች፣ ባለሱቁን የማያውቀውን ትጠይቀዋለች። ከጓሮዋ አጥር ላይ ደግሞ ቁራጭ እንጨት፣ ቁራጭ አሉሚኒየምና የብሎኬት ስባሪ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ማሸጊያ ቀብታ ለፀሐይና ለዝናብ ሰጥታዋለች። ሲያሰኛት ትወጣና በጥፍሯ እየቆነጠረች የቱ እንደያዘ፣ የቱ እንደከዳ ታያለች።

በዚህ አኳኋን ብዙ ነገር ደርሳበታለች። ሲሊኮን ከመስታወትና ከአሉሚኒየም ጋር ይዋደዳል፤ ቀለም ግን ከላዩ አይቀበልም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲሚንቶ ላይ ውሎ አድሮ እንደ ቁስል ቅርፊት ይነሳል። ቀለም የሚቀበለው ማሸጊያ ለግድግዳ ጥሩ ነው፤ ሳይደርቅ ዝናብ ከደረሰበት ግን ሙልጭ ብሎ ይታጠባል። የቱንም ቢመርጡ አሮጌው ሳይነሳ፣ አቧራው ሳይጠረግ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ከተቀባ ልፋቱ ከንቱ ነው። ይህን ሁሉ አብጠርጥራ የምታውቀው ሴት እንግዲህ በገዛ አባቷ መስኮት ተረታች።

አባቷ ከጉልበታቸው ከደከሙ ወዲህ ውሏቸው መንገድ ዳር ካለው ክፍላቸው መስኮት ሥር ነው። ማን ወደ ሥራ እንዳረፈደ፣ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት ተኳርፈው ለየብቻ እንደሚሄዱ ሳይነሱ ያውቃሉ። አላፊ አግዳሚውም ሰላም ሳይላቸው አያልፍም። የእንጨቱ መስኮት በመበስበሱ በተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ተተካ፤ ዙሪያውን እሷው አሸገችው። በመጀመሪያው ዝናብ ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ ረጠበ፣ ፍራሹ ራሰ፣ አባቷን ሳል ያዛቸው። ያሸገችውን በቢላ ፍቃ አነሳች፣ ጠረገች፣ አደረቀች፣ ጠለቅ ባለው ክፍተት ስፖንጅ ጠቅጥቃ ከላዩ በሌላ ዓይነት ማሸጊያ ደገመችው። እንደገና ዘነበ፤ እንደገና ረጠበ።

አውቶቡስ ነጂው ታላቅ ወንድሟ መጥቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ።

«ስሚ፣ ሙያሽን አልናቅኩም። የአባባ ደረት ግን አጥር ላይ እንደሰቀልሽው እንጨት መሞከሪያ አይደለም። አሁን ደግሞ ከረጠበ እኔ ጋ ይመጣሉ፤ በቃ!»

የወንድሟ ቤት ፎቅ ላይ፣ ከጀርባ በኩል ነው። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። አባቷ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ሰማዩ መክበድ ሲጀምር እሷ ዝናቡን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም፤ ራሷ ለማዝነብ ቆረጠች። አባቷን በውስጥ በኩል ከግድግዳው ፊት አስቀምጣ በጆግ ውሃ ይዛ ወጣች። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መሄድ ነው፤ ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ያዳርስና የቱ እንዳስገባ አይለይም።

የታችኛውን ስፌት፣ ያሸገችውን መስመር፣ አጠጣችው። «አባባ፣ ረጠበ?»

«ኧረ ደረቅ ነው!»

ጎኑን አጠጣች። «አሁንስ?»

«ደረቅ ነው አልኩሽ!» ጨዋታው ደስ ብሏቸዋል።

የላይኛውም ደረቅ ሆነ። ግራ ገባት። ስፌቱ እንከን ከሌለው ውሃው በየት ነው የሚገባው? እስቲ ብላ መስታወቱ ላይ ደፋችው።

«አባባ?»

ጆሮዋን ወደ መስታወቱ አስጠጋች።

«አባባ!»

«መጣ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

እየሮጠች ገባች። መስኮቱ የሚንሸራተትበት ቦይ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ውሃው በውስጥ በኩል በግድግዳው ላይ ይወርዳል። «ይሄ ውሃ ለምን ወደ ውጭ አይወጣም?» አለች፣ ለራሷ። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠራርገው መንገድ መንገዱን ማየት ጀመሩ።

ተመልሳ ወጣችና ከክፈፉ ሥር ቁጢጥ አለች። ግርጌው ልስልስ ያለ፣ ንጹሕ ነው። ነገሩ ከነከናትና ወደ ጓሮ ዞራ፣ ከዚህኛው ጋር ባንድ ቀን የተገጠመውን የኩሽና መስኮት አየች። እሱ ከግርጌው ጠበብ ጠበብ ያሉ ቀዳዳዎች አሉት። የአባቷ መስኮት ላይ በዚያው ቦታ በጥፍሯ ስትፍቅ ስቱኮ ተፈነቀለ፤ ከላዩ ከክፈፉ ነጭ ቀለም እንዳይለይ ተደርጎ የተቀባ ስቱኮ። መሃሉ ላይ ስስ ጭረት ነበረው። ያንን ጭረት የምታውቀው አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ መሰላል ጨፍልቆት የተሰነጠቀው የአባቷ አውራ ጣት ስቱኮ ሲያለሰልስ ሁልጊዜ የሚተወው መስመር ነው።

«አባባ፣ ይሄን ቀዳዳ ደፍነውታል?»

«ቀዳዳ ነዋ!» አሉ። «አዲስ መስኮት ተቀዶ ሲመጣ ዝም ልበል? ባለሙያ የለም እንዴ በዚህ ቤት? አንቺ ሥራ ነበርሽ፤ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። የጓሮው ከፍ ብሎብኝ እንጂ እሱንም አልምረውም ነበር።»

ሳቅም ንዴትም ባንድ ጊዜ መጣባት። ዕድሜ ልካቸውን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ብሩሽ አንስተው አያውቁም፤ እሷንም ያሳደጓት በዚሁ ነው። ያን መስኮት ስንት ጊዜ ጎንበስ ብላ ስታየው፣ ያ ልስልስ ያለ ቦታ ዓይኗን ደስ አሰኝቶት ያለፈችው የእሳቸው ልጅ ስለሆነች ነው። በራሷ ተናደደች። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠራርጋ ውሃ ስትደፋ ክር የመሰለ ፍሳሽ ወደ ውጭ ወረደ።

«ለወንድምሽ አትንገሪው» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጃጅተዋል፣ ብቻቸውን መተው አይገባም ይላል።»

«አልነግረውም።»

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ወንድሟም ሊወስዳቸው ሻንጣ ይዞ መጣ። ሻንጣውን ከመስኮቱ ፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን ዳሰሰ፣ ጎንበስ ብሎ ደግሞ ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

«ታዲያ ምን ነበር?»

ስለ አንዲት ጠብታ ሲጠይቋት ስለ ደመና የምትጀምረው ሴት ዛሬ ቃል አነሳት። «የውሃ መውጫው ተደፍኖ ነበር።»

«ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ።»

ወንድሟ መስኮቱ ደፍ ላይ የተወችውን የስቱኮ ቁራጭ አንስቶ አገላበጠው። አባቷ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ከዘራቸውን ጨበጡ፤ በመጨረሻ አልቻሉም።

«እሷ?» አሉ። «እስቲ እየው! የእሷ እጅ እዚህ ይደርሳል? ጠርዙን አየኸው? ቀለሙን ከክፈፉ ትለየዋለህ? እኔ ነኝ!»

አለቀ፣ ይወስዳቸዋል አለች በሆዷ። ወንድሟ አውራ ጣቱን በስቱኮው መስመር ላይ አሳረፈው። እሱም ያደገው ይህ መስመር ባለባቸው ግድግዳዎች መሃል ነው።

«አያስታውቅም» አለ ኋላ። «እውነትም አያስታውቅም።»

«ቆይ ግን» አሉ አባቷ፣ ወደ ሴት ልጃቸው ዞረው፤ «መጀመሪያውኑ ለምን ቀደዱት?»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቃቸው ኖራ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ጠይቀዋት አያውቁም ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ውሃ በመስታወቱ በኩል መግባቱ አይቀርም፣ አባባ። የገባው የሚወጣበት እንዲኖረው ነው።»

አሰቡበት። ከውጭ የሚወርደውን ክር የመሰለ ውሃ ሊያዩ አንገታቸውን አሰገጉ፤ አልታያቸውም።

«በል እንግዲህ» አሉት ወንድሟን፣ «ይሄን ሻንጣህን አንሳልኝ። መንገዱን ከለለኝ።»

ወንድሟ ሻንጣውን አንስቶ አልጋው ሥር ገፋውና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።